«ረን»፦ እግር የሌለው ሩጫ

አርሲ ሮቤ ዘጠነኛ ክፍል አስተምር በነበረበት ጊዜ፣ አንድ ጠዋት ሰሌዳው ላይ አጭር የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር ጻፍኩ፦ «ማይ አንክል ረንዝ ኤ ሾፕ»። አምስት ቃል ናት። ከአምስቱ አንዱም ለክፍሉ አዲስ አልነበረም። ፊት ወንበር ላይ የምትቀመጥ ልጅ እጇን አውጥታ ተነሳችና ሳታመነታ «አጎቴ ወደ ሱቅ ይሮጣል» ብላ ተረጎመችው።

ማንም አልሳቀም። «ተሳስታለች» ብሎ እጁን ያወጣም አልነበረም። ለምን ይሳቅ? አገሩ አርሲ ነው። ውርጩ ከሣሩ ላይ ሳይለቅ፣ ኮፍያ ያጠለቁ ወጣቶች በመንገዱ ዳር ትንፋሻቸው እየጨሰ ሲያልፉ ማየት እዚያ የዕለት ነገር ነው። የሚሮጥ አጎትም ሆነ የሚሮጥ ወንድም ማንንም አያስደንቅም። ዓረፍተ ነገሩ ግን ስለ እግር አንዳች አይናገርም። አጎትየው ባለሱቅ ነው። ቀኑን ሙሉ ከባንኮኒው ጀርባ ተቀምጦ የሚውል፣ ሮጦ የማያውቅ ሰው ሊሆን ይችላል።

ጥፋቱ የልጅቷ አልነበረም። ከታችኛው ክፍል ጀምሮ ደብተሯ ላይ «ረን ማለት መሮጥ» ብላ እንድትጽፍ ያደረግናት እኛ መምህራን ነን። «አጎቴ ሱቅ ይሮጣል» ማለት ስሜት እንደማይሰጥ ስለገባት፣ በእንግሊዝኛው ውስጥ የሌለችውን «ወደ» ከራሷ ጨምራ ሐሳቡን ልታቃናው ሞከረች። ተማሪ ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው እያሰበ ነው። የሰጠነው መሣሪያ ጎደሎ ስለሆነበት የጎደለውን በራሱ ይሞላል።

በኦሮሚያ ልጆች እስከ ስምንተኛ ክፍል በአፋን ኦሮሞ ይማሩና ዘጠነኛ ሲገቡ ትምህርቱ ሁሉ ወደ እንግሊዝኛ ይዞራል። በአንድ ክረምት ልዩነት የፊዚክሱም የጂኦግራፊውም የኮምፒውተሩም መጽሐፍ እንግሊዝኛ ይሆናል። ያን ጊዜ የሚያስቸግረው ረጅሙና ከባዱ ቃል ይመስለናል። እኔ ያየሁት ሌላ ነው። «ፎቶሲንተሲስ» አንድ ትርጉም ብቻ ስላለው ተማሪው አንዴ ከያዘው ያዘው ነው። የሚያደናቅፉት «ጌት»፣ «ሴት»፣ «ቴክ»፣ «ረን» የሚባሉት፣ ሁሉም ሰው አውቃቸዋለሁ የሚላቸው ትናንሽ ቃላት ናቸው። ከእነሱም ውስጥ «ረን» አውራው ነው። ትልቁን የኦክስፎርድ መዝገበ ቃላት ሲያድሱ ይህን ቃል የያዙት ፒተር ጊሊቨር የሚባሉ መዝገበ ቃላት አዘጋጅ ዘጠኝ ወር ያህል ፈጅቶባቸዋል። በ2003 ዓ.ም. ሥራው ሲነገርለት፣ ለግሱ ብቻ 645 የተለያየ ትርጉም ተለይቶለት ነበር። እነዚህን ሁሉ በቃል ይዞ መጨረስ አይቻልም፤ አያስፈልግምም። አፉን በእንግሊዝኛ የፈታ ሰው አልሸመደዳቸውም። የያዘው ሁሉንም የሚያስተሳስረውን አንድ ክር ነው። ይህ ምዕራፍ ያንን ክር ፍለጋ ነው።

ፍለጋውን ከአንድ ሰው እንጀምር። ሃይሌ ገብረ ሥላሴ አሰላ አቅራቢያ ተወልዶ ያደገ የገበሬ ልጅ ነው። ልጅ ሳለ ትምህርት ቤቱ 10 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቀው ስለነበር ጠዋት ሮጦ ይሄዳል፣ ከሰዓት ሮጦ ይመለሳል። በዓለም አደባባይ ሲሮጥ ግራ ክንዱ ወደ ደረቱ ጠጋ የሚለው በዚያ ዘመን ደብተር አቅፎ ከመሮጥ የቀረበት ልማድ ነው ይባላል። በ1988 ዓ.ም. አትላንታ ላይ በ10,000 ሜትር ወርቅ አገኘ። መስከረም 1993 ዓ.ም. ሲድኒ ላይ ኬንያዊውን ፖል ቴርጋትን በ0.09 ሰከንድ ብቻ ቀድሞ ወርቁን ደገመው። በ2001 ዓ.ም. መባቻ በርሊን ላይ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ3 ደቂቃ ከ59 ሰከንድ ጨርሶ የዓለም ክብረ ወሰን ሰበረ። ይህን ሁሉ ለመናገር እንግሊዝኛ አንድ ግስ ይበቃዋል፦ «ሃይሌ ረንዝ»።

ሃይሌ ዛሬ በሐዋሳ፣ በአርባ ምንጭ፣ በአዳማና በሌሎችም ከተሞች ሆቴሎች አሉት። ይህንንስ እንግሊዝኛ እንዴት ይለዋል? «ሃይሌ ረንዝ ሆቴልስ»። ቃሉ ያው ነው። ከ2009 እስከ 2011 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አትሌቲክስ ፌዴሬሽንን በፕሬዝዳንትነት መርቷል፤ ይህም «ራን ዘ ፌዴሬሽን» ይባላል። እሱን የተካችው ደራርቱ ቱሉ የበቆጂ ልጅ ናት። በ1984 ዓ.ም. ባርሴሎና ላይ ከጥቁር አፍሪካውያን ሴቶች የመጀመሪያዋ የኦሊምፒክ ወርቅ አሸናፊ ሆና፣ ኋላ ፌዴሬሽኑን እስከ 2017 ዓ.ም. መርታለች። እሷም በእግሯ «ራን»፣ በወንበሯም «ራን»። ከ1994 ዓ.ም. ጀምሮ በየዓመቱ አዲስ አበባን የሚሞላው፣ ሃይሌ ያቋቋመው ታላቁ ሩጫ በእንግሊዝኛ ስሙ ውስጥ ይህንኑ ቃል ይዟል። ሩጫው «ረን» ነው፤ ሩጫውን ማሰናዳቱና መምራቱም «ረን» ነው።

አማርኛ እዚህ ላይ ሁለት ቃል ያስፈልገዋል። ሃይሌ ሮጠ፤ ሃይሌ ሆቴል ያስተዳድራል። «ሃይሌ ሆቴል ይሮጣል» ብንል ሰሚው ግራ ይጋባል። ታዲያ እንግሊዝኛ ምን ነክቶት ነው መሮጥንና ማስተዳደርን በአንድ ቃል የጠቀለላቸው? መልሱ ቃሉ በልጅነቱ ምን እንደነበር ስናይ ይገኛል።

በጥንታዊው እንግሊዝኛ ዛሬ «ረን» የምንለው አንድ ቃል አልነበረም፤ ተቀራራቢ ድምፅ ያላቸው ሁለት ግሶች ነበሩ። አንደኛው ነገሩ በራሱ መፍሰሱን፣ መውረዱን፣ መሮጡን ይናገራል። ሁለተኛው ሌላውን ማስሮጥን፣ ፈረስን ማስጋለብን የመሰለ ማስደረግን ይናገራል። የእንግሊዝኛ የቅርብ ዘመድ የሆነው ጀርመንኛ እስከ ዛሬ ሁለቱን ለይቶ አቆይቷቸዋል። «ሪነን» ውሃ ሲንቆረቆርና ሲወርድ ነው፤ «ሬነን» ሰው ወይም ፈረስ በፍጥነት ሲሮጥ ነው። በእንግሊዝኛ ግን ዘመናት ሲያልፉ የሁለቱ ድምፅ ተቀላቀለና አንድ ቃል ሆነው ቀሩ። እንግዲህ የዛሬው «ረን» በአንድ ስም የሚጠሩ ሁለት ሰዎች ማለት ነው፤ አንዱ ፈሳሽ፣ ሌላው አስኪያጅ።

ለአማርኛ ተናጋሪ ይህ እንግዳ ሊሆን አይገባም። እኛ ዘንድ ሁለቱ ሳይቀላቀሉ በግልጽ ቆመዋል፦ ፈሰሰ–አፈሰሰ፣ ሮጠ–አስሮጠ፣ ሄደ–አስኬደ። ግሱ ፊት «አ» ወይም «አስ» ስትገባ ነገሩ በራሱ መሆኑ ይቀርና ሌላ አድራጊ መጣ ማለት ነው። አፋን ኦሮሞም እንዲሁ ነው፤ ልዩነቱ ምልክቱን ከግሱ ኋላ ማድረጉ ነው። «ዴሙ» መሄድ ነው፣ «ዴምሲሱ» ማስኬድ። የአርሲ ልጅ ይህን ሥርዓት በሁለት ቋንቋ ይዞ ነው ወደ እንግሊዝኛ ክፍል የሚገባው። «ረን» ግን በራሱ ላይ ምንም ምልክት አያደርግም። ውሃው ሲፈስም «ረን»፣ ሰው ውሃውን ሲያፈስም «ረን»። ታዲያ የትኛው እንደሆነ በምን ይታወቃል? ከግሱ በኋላ በሚመጣው። ከ«ረን» በኋላ ሱቅ፣ ሆቴል፣ ማሽን፣ ፕሮግራም የመሰለ ተደራጊ ከመጣ «አስ» የምትለዋን በአእምሯችን እንጨምር። «ማይ አንክል ረንዝ» ብሎ ቢቆም አጎቴ ይሮጣል ነው። «ማይ አንክል ረንዝ ኤ ሾፕ» ሲል ግን አጎቴ ያስ… ምን?

ያስሮጣል? አይደለም። ያስኬዳል ነው። የምዕራፉ ዋና ነገር እዚህ ላይ ስለሆነ ቀስ ብለን እንየው።

ደብተሮቻችን የ«ረን» አቻ «ሮጠ» ነው ይላሉ። አማርኛችንን ልብ ብለን ስንሰማው ግን ይበልጥ የሚቀርበው «ሄደ» ነው። ሥራው እንዴት እየሄደ ነው እንላለን። ሰዓቱ ይሄዳል ወይስ ቆሟል ብለን እንጠይቃለን። ይህ መንገድ ወዴት ይሄዳል? አውቶቡሱ በስንት ሰዓት ይሄዳል? ጄኔሬተሩ ሌሊቱን ሙሉ ሲሄድ አደረ። እነዚህን ወደ እንግሊዝኛ ብንመልሳቸው፣ አንዳንዴ «ጎ» ማለት ቢቻልም፣ በሁሉም «ረን» ይገባል። «አስኬደ»ም እንዲሁ ነው። ድርጅት ያስኬዳል፤ ስብሰባ ያስኬዳል፤ ኮምፒውተር ላይ ፕሮግራም ያስኬዳል። ከሁሉም በላይ ደግሞ በየመሥሪያ ቤቱ በር ላይ የምናነበውን ማዕረግ እንመልከት፦ ሥራ አስኪያጅ። ሥራን የሚያስኬድ ሰው ማለት ነው። እንግሊዝኛ ውስጥ ያለው የሆቴል «ረን»ና አማርኛችን ውስጥ ያለው ሥራ አስኪያጅ አንድ ሐሳብ ላይ ተገናኙ። ሁለቱም ሥራን በራሱ የማይቆም፣ ሰው ካላንቀሳቀሰው የማይሄድ ነገር አድርገው አይተውታል። የሚለያዩት በእርምጃቸው ነው፤ አማርኛ ሥራውን በእርጋታ ያስኬደዋል፣ እንግሊዝኛ ያስሮጠዋል።

ክሩ እንግዲህ ይህ ነው። «ረን» በሥሩ ስለ እግር የሚናገር ቃል አይደለም። አንድ ነገር መስመሩን ይዞ ሳይቋረጥ መሄዱን ይናገራል። እግር አንዱ መንገድ ነው፤ ውሃ ሌላው፤ ሞተርና መሥሪያ ቤት ደግሞ ሌሎቹ። ይህ ሐሳብ ከያዘን ከ645ቱ ትርጉሞች አብዛኞቹ ሳይነገረን ይገቡናል።

ውሃ ካልን ሮቤ ራሷ ምስክር ናት። የከተማዋ ስም በአፋን ኦሮሞ ሲሰማ «ዘነበ» የሚል ቃል ነው። በነገራችን ላይ ሮቤዎች ሁለት ናቸው። አንዷ የአርሲ፣ አንዷ የባሌ፤ በመካከላቸው የዋቢ ሸበሌ የላይኛው ሸለቆ አለ። መናኸሪያ ላይ «ሮቤ» ብሎ ዝም ማለት ስለማያዋጣ ሰው «የአርሲ ሮቤ» ወይም «የባሌ ሮቤ» ብሎ ይለያል። በአርሲ ሮቤ በኩል የዘነበው ወደዚያው ወንዝ ይወርዳል። እንግሊዝኛ ይህን ውሃ ከደጋ እስከ ቆላ በ«ረን» ይከተለዋል። ዝናቡ በጣሪያው ላይ ሲወርድ «ረን»፣ ጅረቱ በሜዳው ሲያልፍ «ረን»፣ ወንዙ ወደ ሶማሊያ ሲዘልቅ «ረን»። ቧንቧ ሲፈስ፣ ጉንፋን የያዘው ሰው አፍንጫ ውሃ ሲል፣ እንባ ጉንጭ ላይ ሲወርድ፣ አዲስ ነጠላ ታጥቦ የጥለቱ ቀለም ሲለቅ ሁሉም «ረን» ነው። ተማሪ «ማይ ኖዝ ኢዝ ረኒንግ» የሚለውን «አፍንጫዬ እየሮጠ ነው» ብሎ ሲተረጉም ክፍሉ ይስቃል። እኔ ግን ያን ጊዜ ሳቁን አስቁሜ ስለ ሁለቱ ጥንታዊ ግሶች እነግራቸዋለሁ። አፍንጫው ያደረገው የጥንቱን፣ የውሃውን «ረን» ነው።

መንገድ ሌላው ነው። መንገድ አይንቀሳቀስም፤ ሆኖም አማርኛም እንግሊዝኛም ያስኬዱታል። ከአዳማ ተነስቶ በአሰላና በበቆጂ አድርጎ ወደ ዶዶላ የሚያልፈው መንገድ «ረንዝ» ይባላል። የጭላሎ ተራራ በስተግራ ይታያል፤ ሜዳው በስንዴና በገብስ ተሸፍኗል፤ አስፋልቱ መስመሩን ይዞ ይዘልቃል። የሚሄደው ዓይናችን ነው። አጥርም፣ የኤሌክትሪክ ሽቦም፣ የወረዳ ወሰንም በዚሁ ሥርዓት «ረን» ያደርጋሉ። «ፌንስ ረንዝ» የሚል ዓረፍተ ነገር ሲገጥመን አጥሩ ከየት ተነስቶ የት እንደሚደርስ እየተነገረን ነው።

ከሞተር ጋር አርሲ ከብዙው የአገራችን ክፍል ቀድሞ ነው የተዋወቀው። በ1950ዎቹ መጨረሻ ላይ በስዊድን እርዳታ አሰላ ላይ የተቋቋመው የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት፣ ሰዉ «ካዱ» የሚለው፣ ምርጥ ዘርና ማዳበሪያን ገበሬው ደጃፍ አድርሷል። ዛሬ በአጨዳ ወራት ኮምባይነር ሜዳውን ሲያጭድ ማየት የተለመደ ነው። የኮምባይነሩ ሞተር ሲነሳና ሳይቋረጥ ሲሠራ እንግሊዝኛ «ዘ ኢንጅን ኢዝ ረኒንግ» ይላል። ማሽኑ ቆሞም ሊሆን ይችላል፤ ጎማው አንድ ስንዝር ላይሄድ ይችላል። ሞተሩ እስካልጠፋ ድረስ «ረን» ነው። በናፍጣ የሚሠራ ከሆነ «ረንዝ ኦን ዲዝል»። ይህ «ኦን» ልብ ይባል፤ ሞተር በምን ኃይል እንደሚሠራ የሚነግረን እሱ ነው።

ናፍጣው ካለቀስ? እዚህ ላይ አርሲም አዲስ አበባም፣ ተማሪም የቢሮ ሰራተኛም የሚስቱበት ነገር አለና ትንሽ እንቆይበት። እኛ የሚያልቀውን ነገር ባለቤት እናደርገዋለን፦ ናፍጣው አለቀብን፣ ጨው አለቀብን፣ ጊዜ አለቀብን። ነገሩ ያልቃል፤ እኛ ላይ ነው የሚያልቀው፤ «ብን» የምትለዋ ጉዳቱን ትሸከማለች። እንግሊዝኛ ሰውየውን ባለቤት ያደርገዋል፦ «ዊ ራን አውት ኦፍ ሶልት»። ቃል በቃል ቢታይ እኛ ከጨው ሮጠን ወጣን የሚል ይመስላል። ሐሳቡ ግን ጨዉን ይዘን ስንሄድ ቆይተን ጨው ካለበት ክልል ወጣን ነው። ተማሪዎቻችን ከአማርኛው ተነስተው «ዘ ሶልት ኢዝ ፊኒሽድ» ይላሉ። ሰሚው ይረዳቸዋል፤ የቋንቋው ባለቤት ግን ኩሽና ውስጥ ቆሞ እንዲህ አይልም። ጨዉን ባለቤት ማድረግ ለሚፈልግም መንገድ አለው፦ «ዘ ሶልት ራን አውት»። ያን ጊዜ «ኦፍ» ትወጣለች። ሰው ሲቀድም «ኦፍ» ትግባ፤ ነገሩ ሲቀድም ትቅር። ይህችን ብቻ የያዘ ተማሪ ብዙ ስህተት ያመልጣል።

«ረን» ከኋላው በሚመጡት ትናንሽ ቃላት መልኩን ይለውጣል። «ረን ኢንቱ» ሲሆን ሰው ከሆነ ድንገት መንገድ ላይ ተገናኙ፣ ችግር ከሆነ ገጠማቸው፣ ግድግዳ ከሆነ ተጋጩ ማለት ነው። ሦስቱም ውስጥ መስመሩን ይዞ ይሄድ የነበረ ነገር ያልጠበቀው ነገር ላይ ደርሷል። «ረን ኦቨር» መኪና ሰው ላይ ሲሄድበት ነው፤ እኛም «ሄደበት» እንላለንና ሩቅ አይደለም። «ረን አዌይ» መጥፋት፣ መኮብለል ነው። እዚህ ላይ አማርኛ ሀብታም ነው። ፈረጠጠ፣ ሸሸ፣ ኮበለለ፣ ከነፈ፣ ፈረስ ከሆነ ደግሞ ሽምጥ ጋለበ፤ ሰው ቀስ ብሎ ሲሮጥ ሶምሶማ። ፈረስ የለመደ የአርሲ ሰው ሽምጥንና ሶምሶማን አያምታታም። እንግሊዝኛም ለእያንዳንዳቸው የራሱ ቃል አለው። ሲቸኩል ግን ሁሉንም በ«ረን» ይጠቀልላቸዋል።

«አይ አም ረኒንግ ሌት» የምትል መልእክት ስልካችን ላይ ስትደርስ ሰውየው እየሮጠ ነው ብለን አናስብ። ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሞ ሊሆን ይችላል። ከታሰበው ሰዓት ወደኋላ ቀርቶ እየሄደ ነው፤ በአማርኛ «አረፈድኩ» ይበቃል። «ረን ኤ ፊቨር» ትኩሳት ይዞታል ነው። «ረን ኤ ሪስክ» አደጋ ላይ ራስን ማጋለጥ። «ረን ኤራንድስ» ደግሞ ለአማርኛ ጆሮ ቅርብ ነው። እናት «ሮጥ ብለህ ስኳር አምጣ» ስትል በቤቱ ውስጥ ያለው ልጅ ሁሉ ያውቀዋል። ያ ልጅ በሶምሶማም በእግር ጉዞም ቢሄድ ስኳሩን እስካመጣ ድረስ ተላከ፣ ተመላለሰ ነው። ከዕለት ሥራ ፋታ ያጣ ሰው «ሩጫ ላይ ነኝ» ይላል፤ የዕድሜውን ጣዕም ገና ያላየ ወጣት «ሮጦ ያልጠገበ» ይባላል። ቃላችን እግሩን ጥሎ መጓዝ እንደሚችል እነዚህ ያሳያሉ። እንግሊዝኛው ግን ርቆ ሄዷል።

«ረን ፎር» ምርጫ ነው። ሥልጣን ለመያዝ ወይም ወንበር ለማግኘት መወዳደር። በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. የአትሌቲክስ ፌዴሬሽኑ ፕሬዝዳንት ሆኖ የተመረጠው ስለሺ ስህን የሰሜን ሸዋ ልጅ ነው። በአቴንስና በቤጂንግ ኦሊምፒክ በ10,000 ሜትር ከቀነኒሳ በቀለ ኋላ ገብቶ ሁለት ጊዜ ብር አግኝቷል። ለምርጫ መቅረቡን አሜሪካዊ ጋዜጠኛ ሲጽፍ «ራን ፎር ፕሬዝዳንት» ይለዋል፤ ብሪታንያዊው ግን «ስቱድ»፣ ማለትም ቆመ ይለዋል። አንዱ እጩውን ሲያስሮጠው ሌላው ያቆመዋል። ተማሪዎቼ ይህን ሲሰሙ የሚቀበሉት የአማርኛውን ነው፦ ይወዳደራል። እኔም በዚህ እስማማለሁ።

አንድ አነጋገር ግን ከአርሲ ውጭ እንደ አርሲ የሚመቸው ቦታ የለም፦ «ረን ኢን ዘ ፋሚሊ»። አንድ ጠባይ ወይም ችሎታ በዘር ሲወርድ የሚባል ነው። የበቆጂዋ የዲባባ ቤተሰብ ይህን አነጋገር በሥጋ ለብሶታል። ትሩነሽ በ2000 ዓ.ም. ቤጂንግ ላይ 5,000ንም 10,000ንም ሜትር በአንድ ኦሊምፒክ ያሸነፈች የመጀመሪያዋ ሴት ናት። እህቷ እጅጋየሁ በአቴንስ 10,000 ሜትር ብር ወስዳለች። ታናሿ ገንዘቤ በ2007 ዓ.ም. ሞናኮ ላይ 1,500 ሜትርን በ3 ደቂቃ ከ50.07 ሰከንድ ሮጣ የዓለም ክብረ ወሰን ሰብራለች። ደራርቱም ዘመዳቸው ናት። ስለዚህ «ረኒንግ ረንዝ ኢን ዘ ዲባባ ፋሚሊ» ሲባል አንዱ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሁለቱም «ረን» ቆመዋል። የመጀመሪያው በእግር ነው። ሁለተኛው እንደ ውሃ ከላይ ወደታች፣ ከወላጅ ወደ ልጅ የሚወርደው ነው። አማርኛም «በዘር ይወርዳል» ሲል ያንኑ ውሃ ነው ያየው። ይህን ዓረፍተ ነገር በየዓመቱ ሰሌዳ ላይ እጽፈዋለሁ። ሁለቱን ሳይነግሩት የለየ ተማሪ ቃሉን አገኘው ማለት ነው።

ሯጮቹ የሚያውቁት ሌላ «ረን» ደግሞ «ሎንግ ረን» ነው። አሰልጣኝ ሲለው ረጅሙ ልምምድ ነው፣ በሳምንት አንዴ በጫካና በኮረብታ የሚሮጠው። «ኢን ዘ ሎንግ ረን» ሲሆን ግን ጊዜ ነው፤ ቆንጆው አቻው «ውሎ አድሮ» ነው። «በረጅም ሩጫ» ብለው የሚተረጉሙት አሉ፤ ቃሉን ቢይዙትም ነፍሱ አልመጣም። ቀኑ ይውላል፣ ሌሊቱ ያድራል፤ ነገሩ መስመሩን ይዞ ይሄዳል። ከዚያ በላይ የሚቀርበው አይገኝም።

ስለ መልኩ አንድ ነገር ልጨምርና እንመለስ። የአሁኑ «ረን» ነው፣ ያለፈው «ራን»፣ ከ«ሃቭ» ጋር የሚሄደው ሦስተኛው ተመልሶ «ረን»። ፊደላችን እዚህ ላይ ይረዳናል፤ «ረ»ና «ራ» ለዓይንም ለጆሮም የተለዩ ስለሆኑ። የ«ራን» «ራ» ግን ከአማርኛው ትንሽ ወደ «ሬ» ዘንበል ይላል፤ አፍን ሰፋ አድርጎ መጥራት ነው። ብዙ ተማሪ «አይ ሃቭ ራን» ብሎ ይጽፋል፤ «አይ ሃቭ ረን» ነው። «ከም» የሚለውን ግስ ያወቀ ይህን አይረሳም፦ ከም፣ ኬም፣ ከም፤ ረን፣ ራን፣ ረን። ሁለቱም ሄደው ይመለሳሉ። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይባላል፤ ሦስቱን መልክ ለፈተና ሌሊት አንዴ የሸመደደ ልጅ ከፈተናው ጋር ይረሳቸዋል። ጮክ ብሎ፣ ደጋግሞ፣ በራሱ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ያስገባቸው ግን አይፈቱበትም።

ያን ጠዋት ልጅቷ ዓረፍተ ነገሩን እንደገና እንድታየው ጠየቅኳት። ሰሌዳው ላይ «ሾፕ» ከምትለው በታች በጠመኔ መስመር አሰመርኩ። ተደራጊው እዚያ እንዳለ አየች። ጥቂት ቆይታ «ሱቅ ያስኬዳል» አለች። «ወደ»ዋን ራሷ አወጣቻት። ከዚያ ሳትቀመጥ፦

«ቲቸር፣ ወንዝ ሲደርቅስ ለምን ‹ረን ድራይ› ይላሉ? ከደረቀ በኋላ ምን ይሄዳል?»

የጂኦግራፊ መጽሐፏን አስከፈትኳትና ዋቢ ሸበሌን በጣቷ እንድትከተለው ነገርኳት። ከባሌና ከአርሲ ደጋ ተነሳች፤ ጣቷ በሶማሌ ክልል በኩል አድርጎ ሶማሊያ ገባ፤ ከሞቃዲሾ ጀርባ ታጠፈ፤ ባሕሩን በቅርብ ርቀት እያየ ወደ ደቡብ ሄደ። ካርታው ላይ መስመሩ እየቀጠነ መጣ። ዝናብ ከበዛበት ጊዜ በቀር ወንዙ ባሕር አይደርስም፤ ረግረግና አሸዋ ውስጥ ይቀራል። እስከዚያች ነጥብ «ረን» ነበር። «ድራይ» የደረሰበት ቦታ ስም ነው። ጣቷን እዚያው ላይ እንዳደረገች ደወል ተደወለ።